አሮጌ ዲኤክስ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከኮፋኖው ስር ያለው ፊዚክስ

ቡና ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ገደብም ሆነ ዲላ ያለ ወጣት ልቡ ከሚከጅላቸው ነገሮች አንዱ መኪና ነው። ብዙው ልጅ የሚያልመው ደግሞ አዲሱን ዘመናዊ መኪና አይደለም። ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ዲኤክስ ነው የሚያልመው። ዕድሜዋ ከልጁ አባት ጋር የሚቀራረብ መኪና ይህን ያህል መወደዷ ለውጭ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ብቻ እንደሚሆኑ አሳወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ሻጩም ይህን በደንብ ያውቃል፤ ደላላውማ ከሻጩም በላይ ያውቃል።

ታዲያ ከፊታችሁ የቆመችው መኪና ምን እንደደበቀች በምን ታውቃላችሁ? መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከክፍል የምታስታውሷት ፊዚክስ ብዙ መንገድ ታስኬዳለች።

ዲኤክስ የትኛዋ ናት?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዲኤክስ የሞዴል ስም አይደለም። «ደሉክስ» ከሚለው ቃል ያጠረ የደረጃ መለያ ሲሆን፣ ቶዮታ በተለያየ ዘመን በሠራቸው ኮሮላዎች ላይ ለጥፎታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ዲኤክስ አለኝ» ቢሏችሁ ሁለት በጣም የተለያዩ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 መመረት የጀመረው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ኃይሉን የሚያደርሰው ለኋላ ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው አምስተኛው ትውልድ ባለ አራት በሩ ግን የፊት ጎማውን ነው የሚያሽከረክረው።

ለመለየት ኮፋኖውን ክፈቱና የሞተሩን ቺንጋ ፈልጉ። ቺንጋው ፊቱን ወደ ራዲያተሩ ካዞረ ሞተሩ በቁመት ነው የተቀመጠው፤ መኪናዋ በኋላ ጎማ ትገፋለች። ቺንጋው ወደ አንዱ ጎማ ካየ ሞተሩ በአግድም ነው፤ በፊት ጎማ ትጎትታለች። (ቺንጋ፣ ኮፋኖ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን... የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋል?)

ይህ ልዩነት ጌዴኦ ውስጥ ተራ ነገር አይደለም። ዝናብ የጠገበ ቀይ አፈር ላይ ጎማ የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ባለ ኋላ ጎማዋ ዲኤክስ ከባዱን ሞተር ፊት ላይ ተሸክማ ጀርባዋ ቀላል ነው። ዳገት ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል ትንሽ ይረዳታል። ቁልቁለት ላይ ግን ጀርባዋ ይበልጥ ይቀላል፤ ኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ከተያዘ ጅራቷ ይወጣል። «ድሪፍት» ወዳዶች የሚወዱላት ይህንኑ ነው። ከተማ ውስጥ በቪዲዮ ሲታይ ያምራል፤ በጭጋግ ከይርጋጨፌ ሲወረድ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አየሩ ሲሳሳ

ሻጩ «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት አላት» ሲላችሁ፣ ያ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር መሆኑን አስታውሱ። የገደብ ቡና የሚበቅልበት ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት 2,000 ሜትር ላይ ወደ 80 ይወርዳል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ 56 ገደማ ይቀራታል። አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትጀምሩ ብትደክም የግድ ተበላሽታለች ማለት አይደለም።

ካርቡራቶር ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሁለተኛ ጣጣ አለ። 1 ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር ግን አየሩን አይመዝንም። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያ የግፊት ልዩነት ነው ቤንዚኑን የሚስበው። አየሩ ሲሳሳ የሚያልፈው አየር ክብደት ከሚሳበው ቤንዚን የበለጠ ይቀንሳል። ስሌቱን ብትሠሩት ምጥጥኑ የሚለወጠው በአየሩ እፍጋት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። 2,000 ሜትር ላይ እፍጋቱ የባሕር ጠለሉን 0.82 ያህል ነው፤ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 0.91። ስለዚህ 14.7 የነበረው ወደ 13.3 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ አሥር በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ያጠጣል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንዷን ካንዴላ አስፈትታችሁ ጫፏን እዩ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። እንደ ከሰል ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል። ይህ ካርቡራቶሩን በማስተካከል የሚፈታ ነገር ስለሆነ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። በጥቁር ዘይት ረጥባ ከወጣች ግን ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው፤ ያ ሞተር ማስፈታት የሚያመጣ ጉዳይ ነው።

የኮምፕሬሽን ወጥመድ

ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ምርመራ ብቻ ማስደረግ ከቻላችሁ የኮምፕሬሽን ልኬት ይሁን። መካኒኩ አራቱንም ካንዴላ ይፈታል፣ በየተራ መለኪያውን ያስገባል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል። ከዚያ ቁጥሩ ይነበባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጽሐፉ ቁጥር፣ ለምሳሌ 170 ፒኤስአይ፣ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው የሳሳ ከሆነ መጨረሻውም ዝቅ ይላል። ያው ጤነኛ ሞተር 2,000 ሜትር ላይ 135 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ገዢ ደህናዋን መኪና ጥሎ ይሄዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ 90 ያነበበውን ሞተር «ከፍታው ነው» ብሎ ያሳምናችኋል።

መፍትሔው አራቱን ቁጥሮች እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ከፍታው አራቱንም እኩል ነው የሚቀንሳቸው። 135፣ 132፣ 134፣ 130 ካነበባችሁ ሞተሩ ጤናማ ነው። 135፣ 133፣ 95፣ 134 ከሆነ ግን ሦስተኛው ሲሊንደር ችግር አለበት፤ ጥፋቱም የተራራው አይደለም። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖታል፣ ስለዚህ ያለቀው የፒስተኑ ቀለበት ነው። ካልተለወጠ ቫልቩን ጠርጥሩ። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጓርኒሲዮን ካነሳን፣ የብዙ አሮጌ ኮሮላ ሞተር አካሉ የብረት ቀልጥ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ቀልጥ ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሞተር አንዴ ክፉኛ ሲግል ሁለቱ እኩል አይለጠጡም፤ ቴስታታው ይጣመማል፣ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይጎዳል። ለዚህ ነው የአምስት ደቂቃ ግለት የዓመታት አገልግሎትን የሚያጠፋው። ደጋ ላይ አደጋው ይቀርባል፤ 2,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ግን ሞተሩ በደህና ሙቀቱ ላይ እንዳለ ውሃው ሊንተከተክ ይችላል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ በርዶ ሳለ ክፈቱና ጎማውን እዩ። ዘይት መሙያው ክዳን ስር ወተት የመሰለ አረፋ ካለ፣ ዘይትና ውሃ ተገናኝተው ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

መኪናዋን ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲቆያችሁ ጠይቁ። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፋኖው ላይ አድርጉ። ሞቆ ከቆያችሁ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው፤ የጠዋቱን ጭስ እንድታዩ አልፈለገም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ጥቁር ቤንዚን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ውሃ እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ስስ ነጭ እንፋሎት ግን አያስደንግጣችሁ።

ቀለም፣ ስቱኮ እና የተቆረጠ ሞላ

ዝናብ በሚበዛበት አገር የመኪና ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። ጭቃ ከጎማው በላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ተለጥፎ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ዝገቱን ቆርጦ በብረት ማስበየድ ውድ ስለሆነ ስቱኮ ይሞላና ቀለም ይቀባል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ስርና በጎማው ዙሪያ አንሸራትቱ። የማግኔት ጉልበት በርቀት በፍጥነት ስለሚደክም ጥቂት ሚሊሜትር ስቱኮ እንኳ በቂ ነው፤ ማግኔቱ ይወድቃል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉንም እዩ። ማንም እዚያ ቀለም አይቀባም።

መኪናዋ ዝቅ ብላ ከሆነ እንዴት ዝቅ እንዳለች ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሞላው ተቆርጦ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዞቹ ቁጥር ጋር በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው፤ ስምንት ጥምዝ ካለው ሁለቱ ሲቆረጡ በሲሶ ይጠነክራል፣ የመጫወቻ ቦታው ግን ያጥራል። ስለዚህ አሞርቲዛተሩ ቶሎ ያልቃል፣ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ብረት ከብረት ይጋጫል። በኔ ግምት ሞላዋ ያልተነካ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ዲኤክስ ከተሞዳሞደችው ትሻላለች። ጓደኞቻችሁ ላይስማሙ ይችላሉ።

የኪሎሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። ብዙ አሮጌ ቆጣሪ 99,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እዩ።

ለፍሬኑ ግን ጊዜ ስጡ። ሰው የጫነች 1,200 ኪሎ መኪና 400 ሜትር ቁልቁለት ስትወርድ 4.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ታራግፋለች። 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ፈልቶ ሊንተከተክ የሚደርስበት ሙቀት ነው። በፍሬን ብቻ ከተያዘች አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው እዚያው ፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ «ዶት 3» የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናዋ አትቆምም። ዘይቱ የጠቆረ ከሆነ መኪናዋን ወደ ቤት ከመንዳታችሁ በፊት አስቀይሩት፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። በእነዚህ ዘመን መኪኖች ላይ ኤርባግ የለም። በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ያለው ጉልበት በ60 ካለው 2.8 እጥፍ መሆኑን አስባችሁ የኋላ ወንበሩ ቀበቶ መኖሩንና መያዙን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ሊብሬው። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከመኪናዋ ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ አሮጌ መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፣ ያልተመዘገበ ከሆነ ግን ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል። ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት ቢሮ ጠይቁ። «ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ በውክልና ንዳት» የሚላችሁ ካለ መኪናዋ በሕግ የሻጩ እንደሆነች ትቆያለች፤ ውክልናውንም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። የሻንሲው ቁጥር ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ወይም ከሌላው ቦታ የተለየ አዲስ ቀለም ካያችሁ ደግሞ፣ ሻጩ ቡና አስፈልቶ እየጠበቃችሁ ቢሆንም ሊብሬውን መልሱለትና ተነሱ።