«ፈርሚ» አልኳት... አሁን እንቅልፍ አጣሁ

ደብዳቤው የደረሰን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊው የ29 ዓመት ወጣት ነው፣ ሞባይል ጥገና ይሠራል። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥረነዋል፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው።

«...ታናሽ ወንድሜን ኳስ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ገና በአራት ዓመቱ ሰፈራችን ወዳለችው ሜዳ (አሁን ሕንፃ ተሠርቶባታል) ትከሻዬ ላይ አድርጌ እወርድ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት እማዬ ዲቪ ደረሳትና ይዛው ሄደች። እኔ 21 ዓመቴን በጥቂት ወራት አልፌ ስለነበር ቀረሁ። አሁን ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ባለፈው ወር አንድ ቀን በማለዳ እማዬ ደወለች፤ ለሷ ሌሊት ነው፣ ከሥራ መውጣቷ ነበር። ሌላ ስቴት ያለ አካዳሚ ልጁን አዳሪ አድርገን እንውሰደው፣ ትምህርቱንም እዚያው ይማራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕሮፌሽናል ይሆናል ብለዋታል። ፈርታለች። ‹አባትህ የለ፣ የቤቱ ትልቅ አንተ ነህ፣ ምን ላርግ?› አለችኝ። እኔም ሳላስብ ‹ፈርሚ› አልኳት።

«ወሬው እዚህ ተሰምቶ አጎቴ ስለ ቦታ መግዛት ማውራት ጀምሯል። አክስቴ ፎቶውን ለጎረቤት ታሳያለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሐሳቤ የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ። ባለፈው እሁድ ግን ከልጁ ጋር ሳወራ ዝም አለብኝ። ምነው ስለው ‹እኔ ከሄድኩ እማዬ ማታ ስትመጣ ማን በር ይከፍትላታል?› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በልጁ ላይ ፈረድኩበት እንዴ?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ፈርሚ ወይም አትፈርሚ ከማለታችን በፊት የአንድ ልጅ ነገር እናጫውትህ። እንደ ገጻችን ልማድ ስም አንጠራም። የኳስ ወዳጅ ከሆንክ ግን ትንሽ እንደሄድን ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ልጁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ቴማ በምትባል የጋና የወደብ ከተማ ነው። እንደ ወንድምህ ሁሉ ኳስን የለመደው ሰፈር ውስጥ ከሚበልጡት ጋር እየተጋፋ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ በ1997፣ እናቱ ዲቪ ደረሳትና ቤተሰቡ አሜሪካ ገባ። የት መሰለህ? ሜሪላንድ! የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ። አባትየው ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እናትየው ሁለት ቦታ እየሠራች ልጆቿን ብቻዋን ማሳደግ ያዘች። እስካሁን የናንተን ቤት ታሪክ የምንነግርህ አይመስልም?

ታዲያ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጫወት ያየው የክፍል ጓደኛው ወደ ራሱ ቡድን ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! በአሥር ዓመቱ ከሚበልጡት ልጆች ጋር ጣሊያን ሄዶ ተወዳደረ፤ ኢንተር ሚላን አይቶት 750,000 ዶላር እንስጥና እንውሰደው ማለቱ በሰፊው ተዘግቧል። ለሁለት ቀጣሪ የምታድር እናት በዚያ ቁጥር ፊት ምን ትል ይመስልሃል? «አይሆንም» አለች። ልጁ ገና ልጅ ነው፣ ይማር አለች። እኛ ስለዚች ሴትዮ ስናስብ ባርኔጣችንን እናነሳለን። (የእኛ ሰፈር አጎቶች ቢሰሙ ምን እንደሚሏት እናውቃለን።)

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የአሜሪካው ሊግ ያኔ ተመልካች የተጠማ ሊግ ነበር፤ ልጁ ደግሞ «አዲሱ ፔሌ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ናይኪ 1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ኅዳር 2003 ላይ ከሊጉ ጋር ውል ገባ፤ ደመወዙ በዓመት 500,000 ዶላር ነው ተባለ፣ ያኔ በሊጉ ከሁሉም የሚበልጥ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጥድፊያ አስጨርሰውታል። ሚያዝያ 2004 ላይ የዋሽንግተኑን የዲሲ ዩናይትድን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገባ። 14 ዓመቱ ነበር። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቡድን ስፖርት እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ አልታየም ነበር። ለስላሳ መጠጥ ሲያስተዋውቅ ከራሱ ከፔሌ ጋር በቴሌቪዥን ታየ። የሄደበት ከተማ ሁሉ ስታዲየሙ ይሞላል፤ ትኬቱ የሚሸጠው በሱ ፊት ነው።

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የናንተ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። አሥራ አራት ዓመት ማለት ድምፁ እየጎረነነ ያለ፣ ጢም ያላወጣ ልጅ ማለት ነው። አብረውት ልብስ የሚቀይሩት ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ ለቤት ኪራይ የሚጫወቱ ጎልማሶች ናቸው። ደመወዙ ከነሱ ይበልጣል። አሠልጣኙ ደግሞ በየጨዋታው ከመጀመሪያው አያሰልፈውም፣ ትክክልም ነበር፤ ሰውነቱ ገና ነው። ልጁ በበኩሉ በቂ ጊዜ አልተሰጠኝም ብሎ በአደባባይ ቅር ተሰኘ። ሰው ሊያየው ትኬት ገዝቶ መጥቷል፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይህን ዓይነት ሸክም ለትልቅ ሰውም አንመኝም። በዚያው ዓመት ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ፣ እሱም በመጀመሪያ ዓመቱ አምስት ጎል አገባ። ለ14 ዓመት ልጅ ይሄ ተአምር ነው። ግን «አዲሱ ፔሌ» ለተባለ ልጅ ምን ይበቃዋል?

ደግሞ ችሎታው ውሸት አልነበረም። በ2006 መጀመሪያ፣ በ16 ዓመቱ፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በ2007 ካናዳ ላይ በተደረገው የዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ ፖላንድ ላይ ሦስት ጎል አስቆጠረ፤ ቡድኑ ብራዚልንም አሸነፈ። በዚያው ክረምት የፖርቱጋሉ ቤንፊካ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ሰው ሁሉ «ይኸው ተጀመረ!» አለ።

አልተጀመረም። ቤንፊካ አንድ ዓመት ከተጫወተ በኋላ በውሰት ያዞረው ጀመር። ሞናኮ ሄደ፣ ወንበር ላይ ከረመ። ተመልሶ ፖርቱጋል፣ ቤሌኔንሴስ። ከዚያ ግሪክ፣ ከዚያ ቱርክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። በ2011 ወደ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ተመለሰ። በ2013 ብራዚል፣ በ2014 ሰርቢያ፣ በ2015 ፊንላንድ። በ2018 ላስ ቬጋስ። በመካከሉ ሜሪላንድ ውስጥ ልጆችን ያሠለጥን ነበር። በ2020 የስዊድን የታችኛው ዲቪዚዮን ክለብ አስፈረመው፣ በ2021 መጀመሪያ ውሉ ፈረሰ። ሻንጣውን ስንት ጊዜ እንዳሠረ እሱ ይቁጠረው። ለብሔራዊ ቡድኑ 17 ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ጎል አግብቷል፤ የዓለም ዋንጫን ግን አልቀመሰም።

«ከሸፈ» እንዳትለን ብቻ። አሥራ ሰባት ጊዜ ለአገር መሰለፍ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በኳስ መኖር ስንት ሺህ ልጅ የሚመኘው ነገር ነው። ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ፣ በ20 ዓመቱ ቢጀምር ኖሮ፣ «ጥሩ ተጫዋች ነበር» ተብሎ በሰላም ይኖር ነበር። እሱ ራሱም ከጊዜ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች አልደበቀም፤ ሁልጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለነበር የሌሎቹን ያህል እንዳልለፋ ተናግሯል። እኛ ግን ጥያቄ አለን። ከልጅነቱ ጀምሮ «ደርሰሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ለምን ብሎ ይለፋ? ማን ነው «ገና ነህ» ሊለው የደፈረ? ሊጉ፣ አስተዋዋቂው፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም ከሱ ላይ ሸጦ ነበር።

«እንግዲያው እማዬ ትከልክል» ልትል ነው። ቆይ፣ አትቸኩል። ሌላ ልጅ አለ።

ይሄኛውም የተወለደው ጋና ነው፣ በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ.፣ ቡዱቡራም በሚባለው የስደተኞች ካምፕ። ወላጆቹ የላይቤሪያን ጦርነት ሸሽተው የወጡ ናቸው። አምስት ዓመት ሲሆነው ካናዳ ገቡ፤ ትንሽ ቆይተው ኤድመንተን ሰፈሩ። እናትና አባት በፈረቃ ይሠራሉ፣ እሱ ታናናሾቹን ይጠብቃል። ኳስን የተጫወተው የመመዝገቢያና የትራንስፖርት ለሌላቸው ልጆች በተዘጋጀ ነጻ ሊግ ነው። 14 ዓመት ሲሞላው የቫንኩቨር ክለብ አካዳሚ ጠራው። ከቤቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ! እናትየው እንደ እናትህ ፈራች፤ በመጨረሻ ግን ለቀቀችው።

ስለዚህ እሱም በልጅነቱ ከቤት ወጥቷል። ልዩነቱ ሲደርስ የጠበቀው ነገር ነው። በፖስተር ላይ ፊቱን የለጠፈ የለም። መጀመሪያ በክለቡ ሁለተኛ ቡድን ተጫወተ። ከዚያ በ2016፣ በ15 ዓመቱ፣ ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። በ2018 ባየር ሙኒክ ሊገዛው ተስማማ፤ ልጁ ግን 17 ዓመቱ ስለነበር 18 እስኪሞላው እዚያው ቫንኩቨር ቆየ፣ ጀርመን የገባው ጥር 2019 ላይ ነው። ክንፍ ነበር፣ የግራ ተከላካይ አደረጉት፣ ዝም ብሎ ተማረ። በ2020 ባየር ባርሴሎናን 8 ለ 2 ሲደቁስ መሥመሩን ይዞ ያደረገውን ያላየህ አይመስለንም። በዚያው ወር የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። በ2022 ኳታር ላይ ለካናዳ ወንዶች በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስገባውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ጣል እናድርግ፣ ምክንያቱም በቴሌግራም «ኤጀንት ነኝ፣ ልጁን አውሮፓ ልወስደው» የሚል ብር ጠያቂ በዝቷል። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ሌላ አገር ክለብ እንዳይዛወር ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋናው ወላጆች ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ወደዚያ አገር ከሄዱ ነው። አንዱ በዲቪ፣ አንዱ በስደት የሄዱት እነዚያ ሁለት ልጆች ቤተሰባቸው መጀመሪያ ሄዶ ነው ኳሱ የተከተለው። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ኤጀንት ለመሆን የፊፋ ፈቃድ ግድ ሆኗል፤ ፈቃድ ያላቸው ስማቸው በፊፋ መዝገብ ይገኛል። እዚያ ስሙን ፈልጉት። ከሌለ፣ ለ«ፕሮሰስ» ተብሎ የእናታችሁ ወርቅ አይሸጥ።

ወደ አንተ እንመለስ፣ ወንድሜ። አልፈረድክበትም። እናትህ ቃልህን የፈለገችው ብቻዋን ስለሆነች ነው፣ አንተም የመለስክላት ከፍቅር ነው። ሱቅህን በሐሳብ መክፈትህም ኃጢአት አይደለም፣ ደብዳቤህ ላይ መጻፍህ ያስከብርሃል። ግን ያቺ «ፈርሚ» የሚለዋ ቃል ቆማ እንዳትቀር ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው።

ደውልላትና ወረቀቱን ገና ካልፈረመች ጊዜ ጠይቂ በላት። የሚቸኩል አካዳሚ ካለ መቸኮሉ ራሱ መልስ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው? እሷ ናት ወይስ እነሱ? እሷ የምትከፍል ከሆነ ልጁ የተመረጠ ተጫዋች ሳይሆን ደንበኛ ነው፣ ይህን ማወቅ አለባት። እግሩ ቢሰበር ትምህርቱ ይቀጥላል ወይ? የሚያድረው የት ነው፣ ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው? በዓመት ስንት ጊዜ ቤት ይመጣል? ልመለስ ቢል ዕዳ አለበት ወይ? ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ብቻዋን አታንብበው። የሚኖሩት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ በአማርኛ ለወላጆች ያስተረጉማሉ፤ የልጁን ትምህርት ቤት አማካሪ ቀጠሮ ትጠይቅ፣ ዓይን አፋርነት እዚህ አይሠራም። ከዋሽንግተን ዙሪያ ከቤት እየተመላለሱ የሚለማመዱባቸው ጠንካራ የታዳጊ ቡድኖች አሉ። በ13 ዓመቱ እዚያ ተጫውቶ በ16 ዓመቱ የሚጠፋ ችሎታ የለም።

አጎትህንም አነጋግረው። ቦታው ይቆየው፣ ልጁ ጆሮ ላይ ግን ስለ ቦታ እንዳያወራ። አክስትህም ፎቶውን ለራሷ ትያዘው። የናንተ ስልክ ቁጥር እዚያ ማያ ላይ ብቅ ሲል ልጁ «ምን ሊሉኝ ነው» ብሎ መሳቀቅ ከጀመረ ነገሩ እዚያው ተበላሽቷል።

ከዚያ ስልኩን ለልጁ ስጪው በላት። ስለ ጎል አትጠይቀው። ያቺ ትከሻህ ላይ ሆኖ ይወርድባት የነበረችው ሜዳ ሕንፃ እንደተሠራባት ንገረው፣ አላወቀ ይሆናል። በሩን ማን ይክፈት ያላትንም ነገር አንሳለት፤ እናትህ እየሰማች ይሁን። ሦስታችሁ ተነጋግራችሁ የደረሳችሁበትን ጻፍልን፣ አድራሻችን ያው ነው።