«ርግፈት»፦ በእመቃ ለሚቀሰቀስ የግንደ ሕዋስ ሞት የቀረበ ስያሜ

የተጎዳ አካልን ለማደስ ወይም የሰውነት መከላከያን ለማርገብ ለታማሚ የሚሰጡ ግንደ ሕዋሳት አብዛኞቹ ወደ ሰውነት ከገቡ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ። ሞታቸው እንደ ኪሳራ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን ሌላ አሳየ፤ የሟቾቹን ቅሪት የሚውጡ ሕዋሳት የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርድ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ስለዚህም ሕዋሳቱን በመጫን ይህን ሞት ሆን ብሎ መቀስቀስ የምርምር ጉዳይ ሆኗል።

የእኛ ድርሻ ስያሜው ነው። ሕዋሱ ተጎድቶ የሚፈነዳበት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ተቆራርሶ የሚያልቅበት ይህ ሞት «አፖፕቶሲስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ ቃሉን ያገኙት ከአበርዲኑ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ከጄምስ ኮርማክ ሲሆን፣ ፍችውም የቅጠል ወይም የአበባ መርገፍ ነው።

አማርኛ ለዚህ መበደር አያስፈልገውም። በላስታ ደጋ የባቄላው አበባ ረግፎ እሸት ይተካል፤ መርገፉ ጥፋት ብቻ አለመሆኑን ገበሬው ያውቃል። «ወደቀ» «ውድቀት» እንደሚል፣ «ረገፈ»ም «ርግፈት» ይላል። ግንድ ይወድቃል እንጂ አይረግፍም የሚል ቢነሣ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ግን «ግንደ ሕዋስ» ከሚለው ቀዳሚ ስያሜ የመጣ ነው። ከዚህ የከበደው ሠራዊትም «ረገፈ» መባሉ ነው። ቢሆንም ቃሉን አንተወውም።

የመጫኑ ስም ይበልጥ አስቸግሮናል። «ግፊት» በደም ግፊት ተይዟል፤ «ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ በሽታው ነው። «ግፊያ» የሕዝብ መጨናነቅ ነው፤ በገና ዕለት ላሊበላ የተገኘ ሁሉ ያውቀዋል። «ጭመቃ» ፈሳሽ ማውጣትን ያሳስባል። የቀረን «እመቃ» ነው፤ የሚታመቀው ነገር ቦታው ይጠባል እንጂ የሚወጣለት ጭማቂ የለም።

ሕክምናው አንድ ቀን ላሊበላ ቢደርስ፣ «ሕዋሳቱን ገድለን እንሰጥሃለን» የተባለ ታማሚ ሊሸሽ ይችላል። «አርግፈን» ብቻ የተባለው ደግሞ ምን እንደተስማማበት ሳያውቅ ይፈርማል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበናል። ስለዚህ ፍቺው «ሞት» የሚለውን ቃል እንዳይሸሽግ እንዲህ አቅርበነዋል፦

እመቃ-ወለድ ርግፈት፦ ሕዋስ ከውጭ ሲታመቅ በውስጡ ባለ ሥርዓት ተቆራርሶ የሚሞተው ሞት።