ማሽኑ ተገዛ፣ ቱቦውስ?

በሕክምናው ዘርፍ ገንዘባቸውን ለማፍሰስ የተነሱ ባለሀብቶች አስቀድመው የሚጠይቁት የማሽን ዋጋ ነው። ማሽኑን ሥራ የሚያስይዘው ግን ብዙ ጊዜ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ጥቃቅን ዕቃ ነው። በራጅ ምስል እየታገዘ ወደ ጨጓራ የሚገባው የመመገቢያ ቱቦ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ለመሆኑ ቱቦው ለማን ያስፈልጋል? ስትሮክ መዋጥ ለከለከለው፣ ወይም የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር መንገዱን ለዘጋበት ሕመምተኛ ነው። በአገራችን ይህ ካንሰር በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ሲናገሩ ቆይተዋል። ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ከከሳ በኋላ ሲሆን፣ ረሃቡ ካልተገታ የጨረርና የኬሞቴራፒውን ሕክምና የሚቋቋምበት አቅም አይኖረውም። ለአጭር ጊዜ በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ይበቃል፤ ችግሩ ከአንድ ወር በላይ የሚዘልቅ ከሆነ ግን በቀጥታ ከሆድ ወደ ጨጓራ የሚገባው ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዶክተር ጋውደረርና ዶክተር ፖንስኪ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ይህንኑ ቱቦ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና በኢንዶስኮፒ አስገብተዋል። ኢንዶስኮፒ ግን በአፍ ገብቶ ጉሮሮን ማለፍ አለበት። ዕጢ መንገዱን ሲዘጋው ተራው የምስሉ ባለሙያ፣ የራዲዮሎጂስቱ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የደም መርጋት ምርመራውን ካየ በኋላ ጉበቱ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ይለያል። በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ጨጓራውን በአየር ይነፋዋል፤ የተነፋው ጨጓራም ወደ ሆድ ግድግዳ ይጠጋል። ከዚያ በፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም በሚንቀሳቀስ የራጅ ምስል እየተመለከተ፣ የደነዘዘውን ቆዳ በመርፌ ይወጋል። መርፌው ጨጓራ ውስጥ መግባቱን በኮንትራስት አረጋግጦ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር በልዩ ማያያዣ ያስራል። በመጨረሻም ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ ቀዳዳውን ደረጃ በደረጃ አስፍቶ ቱቦውን ያስቀምጣል። ሙሉ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ደም መፍሰስና የሆድ ዕቃ መመረዝ ግን ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ሥራው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንመለስ። የፍሎሮስኮፒ ማሽን ለሌላም ምርመራ ስለሚያገለግል ወጪው ይከፋፈላል። ቱቦው ግን ተመላላሽ ሸቀጥ ነው። በፊኛ የሚያዘው ዓይነት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚለወጥ፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከ2 እስከ 4 ቱቦ ይፈልጋል ማለት ነው። ውፍረቱ የሚለካው በ‹‹ፍሬንች›› ሲሆን 3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ያሳሳተ አስመጪ የማይሸጥ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ያስቀምጣል።

ከቁጥሩ ሌላ የቱቦው አፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ ኤስ ኦ 80369-3 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ምግብ በስሕተት ወደ ደም ሥር መስመር እንዳይገባ የመመገቢያ ቱቦ መገጣጠሚያን ከሌላው ለይቶታል። በገበያ ስሙ ‹‹ኤንፊት›› ይባላል። አሮጌውን ዓይነት በርካሽ አገኘሁ ብሎ ያስመጣ ነጋዴ፣ ሲሪንጁ አልገጥምም ሲል ትርፉን መልሶ ያጣል።

የምንዛሪውም ነገር አይረሳም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በጨረታ ለረዥም ጊዜ ዋጋ ቆርጦ የሚገባ አቅራቢ ሒሳቡን ደጋግሞ ማየት ይኖርበታል። ይሁንና የዚህ ሸቀጥ መጥፋት እንደ ሌላው ሸቀጥ አይደለም። ቱቦው በድንገት ቢወጣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ በግምት መልሶ መክተት ምግብ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲፈስ ሊያደርግ ስለሚችል ሕመምተኛው ወዲያው ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት። ተለዋጩ በዕለቱ ካልተገኘ ሥራው እንደገና ከመርፌው ይጀምራል፤ ሕመምተኛውም እስከዚያው ይራባል።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለሀብቱ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ማን ነው? ተለዋጭ ቱቦው የስንት ወር ክምችት አለው? መገጣጠሚያውስ አዲሱ ነው? መልስ ያልተገኘለት ማሽን ላም አለኝ በሰማይ ነው።