የተጫረ ሲዲ እንዴት ይቀዳል?

በሙዚቃ ሲዲ ላይ ድምፅ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ ከመሃል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ አንድ መስመር ላይ በቁጥር ይመዘገባል። ቁጥሮቹ ተሰባጥረውና ማረሚያ ታክሎባቸው ስለሚጻፉ፣ ከመስመሩ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበላሽ እንኳ ማጫወቻው የጠፋውን አስልቶ በትክክል ይመልሰዋል። ጉዳቱ ከዚህ ሲያልፍ ግን ከአጎራባች ቁጥሮች ተነሥቶ ይገምታል፤ ግምቱ ካልሠመረ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ኮምፒዩተር ሲቀዳው ስሕተቱ እንደ እውነተኛ ቁጥር ተጽፎ ይቀራል፤ ከዚያ ቅጂ የሚባዛው ሁሉ እንከኑን ይወርሳል። ስለዚህ መፍትሔው ከሲዲው ይጀምራል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ እንጥረገው፤ በክብ ስንጠርግ የሚፈጠር ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ ተከታታይ ቁጥሮችን ያጠፋልና። ቀጥሎም በዝቅተኛ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ቀድተን ቅጂዎቹን እናነጻጽር፤ ከተለያዩ ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል።