የመስመር መዝጊያ ምልክትና የሚጠፋው የመጨረሻ ስም

በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር መረጃ የሚያሰናዳ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሚታየው ፊደል ሳይሆን በማይታየው ምልክት ነው። ይኸንኑ ከአቃቂ ቃሊቲ በተወሰደ ምሳሌ እናስረዳለን።

አንድ ተማሪ የወንዝ ውሃ ለመመርመር ናሙና የቀዳባቸውን ስፍራዎች፤ ትልቁ አቃቂ፤ ትንሹ አቃቂ፤ አባ ሳሙኤል ብሎ በሦስት መስመር በፋይል ጻፈ እንበል። ከመጨረሻው ስም በኋላ ግን የመስመር መዝጊያውን ቁልፍ ሳይመታ ተወው። መስመሮቹን ‹‹ደብልዩ ሲ›› በተባለው ትእዛዝ ቢያስቆጥር መልሱ 2 ይሆናል። ትእዛዙ የሚቆጥረው ስሞቹን ሳይሆን የመዝጊያ ምልክቶቹን ነውና። በዩኒክስ ሥርዐት መስመር ሙሉ የሚባለው በዚሁ ምልክት፤ ማለት በ10 ቁጥር ኮድ፤ ሲዘጋ ብቻ ነው። በ‹‹ሪድ›› ትእዛዝ እየደጋገመ መስመር በመስመር የሚያነብ ፕሮግራምም ጥንቃቄ ካልተደረገለት ያልተዘጋውን መስመር ይዘለዋል። እንግዲህ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት አባ ሳሙኤል ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው፤ በዚያ ውሃ አትክልት ለሚያለማው ገበሬ የሚነገረውም ውጤት ጎደሎ ይሆናል።

ፋይሉን ከሌላ ፋይል ጋራ በ‹‹ካት›› ቢያያይዙት ደግሞ ስሞቹ ይጣበቁና ‹‹አባ ሳሙኤልቃሊቲ›› የሚባል በምድር ላይ የሌለ ስፍራ ይፈጠራል።

ምልክቱ ሲጎድል እንደሚጎዳ ሁሉ ያለ ቦታው ሲገኝም ይጎዳል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ‹‹አቃቂ›› በ‹‹ፕሪንትኤፍ›› ሲጻፍ 9 ባይት ነው፤ በ‹‹ኤኮ›› ሲጻፍ መዝጊያው ተጨምሮ 10 ይሆናል። ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል ደግሞ ከ10 ቁጥር በፊት 13 ቁጥርን ያስገባል። ሁለቱ ቃላት ለዐይን አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ናቸው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ የፋይሉን የመጨረሻ ባይት በ‹‹ቴይል›› ማየት፤ መዝጊያው ከሌለ መጨመር፤ 13 ቁጥር ካለም ማስወገድ ነው። የአንዱን ትእዛዝ ውጤት በሌላው ውስጥ ሲያስገቡ ግን ሼሉ በመጨረሻ ያሉትን መዝጊያዎች ሁሉ በራሱ እንደሚቈርጥ ማስታወስ ያሻል። ከሁሉም በላይ፤ በእጅ የተቈጠረው ቁጥርና ማሽኑ የሰጠው ቁጥር መስማማታቸውን ሳያረጋግጡ ወደ ሒሳቡ ማለፍ አይገባም።