ከቁልፍ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ምስጢር

ቁልፍ ሠሪው ብረቱን ቀርጾ፣ ጠርዙን ሞርዶ ሲያስረክብ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አዲሱ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፤ መሪው ሥር ሲገባም ሳይንገራገጭ ይዞራል። ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ጭራሽ አይነሣም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብረቱ ምንም እንከን የለበትም፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር እንዴት እንደሚሠራና ደካማ ጎኑ የት እንዳለ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በመካከሉም የለንደን ፍርድ ቤት ጣልቃ ገባበት።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኮርቬት መኪናው ቁልፍ ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ ተከለ። ፍሬዋ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገታ ሬዚስተር ናት። መኪናው ቁልፉ ሲገባ መጠኗን ይለካል፤ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ሞተሩ እንዳይነሣ ያግድና ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ሙከራ አይቀበልም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ የሬዚስተሮቹ ዓይነት 15 ብቻ መሆኑ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ዐሥራ አምስቱንም ይዞ ቢቀመጥ አንዱ መግጠሙ አይቀርም።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩን ያፋጠነው የበርሊን ግንብ መፍረስ ነው። ድንበሩ ሲከፈት በጀርመን የመኪና ስርቆት አሻቀበ፤ ካሳ መክፈል የበዛባቸው የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ግፊት አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት በ1995 መመሪያ አወጣ፤ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ሞተር የሚያግድ መሣሪያ፣ ማለትም ኢሞቢላይዘር፣ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በቁልፉ ፕላስቲክ እጀታ ውስጥ የምትቀመጠው ቺፕ ባትሪ የላትም። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ በሩን አልከፍት ቢልም መኪናው የሚነሣው ለዚህ ነው። ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ከብቦ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። በሴኮንድ 125 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ መግነጢሳዊ ኃይል ያመነጫል፤ ያ ኃይል ቺፗ ውስጥ ባለው ሌላ ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ቺፗ በተሰጣት ኃይል ትነቃለች፣ መልሷን በዚያው መንገድ ትልካለች፣ ወዲያው ታንቀላፋለች። ይህ ሁሉ ሰውየው ቁልፉን አዙሮ ሳይጨርስ ይከናወናል።

የመጀመሪያዎቹ ቺፖች በተጠየቁ ቁጥር ያንኑ አንድ ቁጥር ይመልሱ ነበር። ያን ቁጥር አንዴ የሰማ ሁሉ በሌላ ቺፕ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄና መልስ ተፈጠረ። መኪናው በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ይልካል፤ ቁልፉ ያን ቁጥር በውስጡ ከያዘው ምስጢር ጋር በአንድ ቀመር አስልቶ ውጤቱን ብቻ ይመልሳል። መኪናውም ያንኑ ምስጢር ስለሚያውቅ ስሌቱን ለራሱ ሠርቶ ያመሳክራል። ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም። ውጤቱም የሚናቅ አልነበረም፤ ያን ቫን ኡርስና ቤን ፎላርድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኔዘርላንድስን መረጃ መርምረው፣ ኢሞቢላይዘሩ ከ1995 እስከ 2008 ባለው ጊዜ የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል።

ቁልፍ ፕሮግራም ማድረግ ማለት እንግዲህ ይህን ትውውቅ መፍጠር ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ይሰካል፣ የመኪናውን የይለፍ ቁጥር ያስገባል፣ መኪናው አዲስ ቁልፍ ለመቀበል ሲዘጋጅ ቁልፉን ያቀርብለታል። መኪናው የቺፗን መለያ ይመዘግባል፤ እንደ ዓይነቱም ምስጢራዊው ቁጥር ቺፗ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ማንም እንዳይነካው የቺፗ ማኅደር መቆለፍ አለበት። ይህን የመጨረሻ ተግባር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ትልቁ ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ግኝት ከባልቲሞር መጣ። በ2005 መጀመሪያ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ቦኖ፣ ማቲው ግሪን፣ አዳም ስተብልፊልድና አቪኤል ሩቢን ከአርኤስኤ ላቦራቶሪ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሠራትን ቺፕ ምስጢር መፍታታቸውን አስታወቁ። ያቺ ቺፕ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የመኪና ቁልፎች ውስጥ ነበረች፤ አሜሪካ ውስጥም የነዳጅ ሒሳብ ይከፈልባት ነበር። ቀመሯ በይፋ አልታተመም። ተመራማሪዎቹ እጃቸው ላይ የነበረው ከአንድ ጽሑፍ የተገኘ፣ ዝርዝር የጎደለው ንድፍ ብቻ ነው። ቺፗን ሰብረው አላዩም። የመረጡትን ቁጥር ይልኩላታል፣ መልሷን ይመዘግባሉ፣ አንድ ነገር ለውጠው ደግመው ይልካሉ፤ ከመልሶቹ ልዩነት ተነሥተው ውስጧ ምን እንደሚካሄድ አንድ በአንድ ገነቡት።

ቀመሩ ሲታወቅ ምስጢራዊው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ 40 ቢት ብቻ ነው። ያ ማለት ከ1.1 ትሪሊዮን ያልበለጡ አማራጮች ማለት ነው። ለሰው የማይቆጠር፣ ለማሽን ግን የሚያልቅ ሥራ ነው። ለዚሁ ተግባር የተዘጋጁ 16 ቺፖችን አጣምረው አሠሩ፤ የአንድ ቁልፍ ምስጢር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወጣ። ከዚያም ቺፕ የሌለው ተራ ብረት ቁልፍና ኮምፒውተር ይዘው የ2005 ሞዴል ፎርድ ኤስኬፕ አስነሡ።

ይህን ያስጠነቀቀ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ነበረ። ኦገስት ኬርክሆፍስ በ1883 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምስጢር መጻፊያ ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ማስከተል የለበትም፤ ተደብቆ መቀመጥ ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው ብሎ ነበር። የመኪና ቺፕ አምራቾች ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። ቀመሩን ደበቁ፣ ቁጥሩን ግን አሳጠሩ።

የነገሩ ልብ ያለው ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። በናይሜኸን ከተማ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮኤል ፈርዱልትና ፍላቪዮ ጋርሲያ በ2008 ማይፌር ክላሲክ የተባለውን የመግቢያና የትራንስፖርት ካርድ ምስጢር ከፈቱት ቡድን አባላት መካከል ነበሩ። አምራቹ ኤንኤክስፒ ጽሑፉ እንዳይታተም ከስሶ ነበር፤ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። በ2012 ሁለቱ ከጆሴፕ ባላሽ ጋር ሆነው ሂታግ 2 የተባለችውን የመኪና ቺፕ በ360 ሴኮንድ ውስጥ መፍታት እንደሚቻል አሳዩ። ቀጥሎ የቀረችው ሜጋሞስ ክሪፕቶ ናት። ይህቺ ቺፕ በፎልክስዋገን፣ በአውዲ፣ በፖርሼ፣ በቮልቮ፣ በሆንዳና በፊያት መኪኖች ቁልፍ ውስጥ ትገኝ ነበር። ምስጢራዊ ቁጥሯ 96 ቢት ነው፤ አማራጮቹ ከ79 ቀጥሎ 27 ዜሮ ተጽፎ የሚነበብ ብዛት አላቸው። ባልቲሞሮቹ እንዳደረጉት ሁሉንም መሞከር የማይታሰብ ነው። ቀመሯም አይታወቅም።

ቺፕን በአሲድ ገፍፎ በማይክሮስኮፕ ማንበብ ይቻላል፤ ግን ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ጋርሲያ፣ ፈርዱልትና ባልደረባቸው ባሪስ ኤጌ ሌላ በር አገኙ። የጠፋ ቁልፍ የሚተካ ባለሙያ ይህቺን ቺፕ በየቀኑ ፕሮግራም ያደርጋል። ስለዚህ የሚጠቀምበት መሣሪያ ቀመሩን ማወቅ አለበት! ታንጎ ፕሮግራመር የተባለው የቡልጋሪያ መሣሪያ ከ2009 ጀምሮ ሶፍትዌሩ በኢንተርኔት ይገኝ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያን ሶፍትዌር ወስደው መመሪያውን መስመር በመስመር አነበቡት፤ አምራቾቹ ለዓመታት የሸሸጉት ቀመር እዚያ ተቀምጧል። ምስጢር የተባለው ነገር የቁልፍ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ውሎ ያድር ነበር። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሦስቱ ያገኙትን ለቺፗ አምራች ያሳወቁት በኅዳር 2012 ነው፤ ለማሳተም ካቀዱበት ቀን ዘጠኝ ወር አስቀድመው። ፎልክስዋገን ግን የቀመሩ ባለቤት ከሆነው ታሌስ ጋር ሆኖ ለንደን ላይ ከሰሰ። ሰኔ 25 ቀን 2013 ዳኛ ኮሊን በርስ ጽሑፉ እንዳይታተም አገዱ። ተመራማሪዎቹ ቀመሩን አስቀርተው የቀረውን እንዲያወጡ አማራጭ ነበራቸው፤ አልተቀበሉትም። ዳኛው የሶፍትዌሩ ምንጭ አጠራጣሪ መሆኑን፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችም አደጋ ላይ እንደሚወድቁ አመዛዝነው ነው የወሰኑት። ስጋታቸውን አልንቀውም። ነገር ግን ቀመሩ ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያውን ያገኘ ሁሉ እጅ ላይ ነበር፤ እግዱ ያሳወረው ሌባውን ሳይሆን ባለመኪናውን ነው።

ጽሑፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2015፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተቀንሶለት ዋሽንግተን በተካሄደ የምርምር ጉባኤ ላይ ወጣ። ያኔ የተነበበው ነገር ስለ ቀመሩ ብቻ አልነበረም። ምስጢራዊው ቁጥር ቺፗ ላይ የሚጻፈው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ 16 ቢት፣ 16 ቢት እየሆነ በስድስት ቁራጭ ነው። ማኅደሯ ካልተቆለፈ አንዱን ቁራጭ ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ያ አስፈሪ ብዛት ይፈርሳል፤ ለአንድ ቁራጭ ያሉት አማራጮች 65,536 ብቻ ናቸውና። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ ምስጢሩን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አወጡ። ደግሞም ብዙ ቁልፎች ማኅደራቸው ጨርሶ ሳይቆለፍ፣ ወይም ሁሉም በሚያውቀው የፋብሪካ ቁጥር ተቆልፎ፣ ለገበያ መቅረባቸውን ደረሱበት። ከዚያም አልፎ አንዳንድ አምራቾች የመረጧቸው ምስጢራዊ ቁጥሮች ራሳቸው ደካማ ስለነበሩ በተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ውስጥ ተፈቱ። ቺፗን በአብዛኛው የጣላት ፕሮግራም ሲያደርጓት የተዘለለ አንድ ቀላል ተግባር ነው።

ነገሩ ወደ እኛ የሚቀርበው በ2020 ነው። የቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ጋርሲያም ያለበት ቡድን፣ የባልቲሞሯን ቺፕ ተተኪ መረመሩ። ቁጥሯ ወደ 80 ቢት አድጓል፤ በስሌት ብቻ መፍታት አይሞከርም። ቶዮታ ግን ምስጢሩን ያወጣ የነበረው ቺፗ ለጠየቀ ሁሉ ከምትናገረው መለያ ቁጥር ነው። ኪያና ሃዩንዳይ ከ80ው ቢት 24ቱን ብቻ ነበር በዘፈቀደ የሚመርጡት፤ ይህም 16.8 ሚሊዮን ገደማ አማራጭ ማለት ነው። ቡድኑ ከዘረዘራቸው ሞዴሎች መካከል ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ገደማ የተሠሩ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ይገኙበታል። ከዱባይም ሆነ ከአውሮፓ ያገለገለ ቶዮታ ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ የሚነዳ ሰው እነዚህን ስሞች በደንብ ያውቃቸዋል።

ይህን ላነበበ ባለመኪና የምለው ይህ ነው። የሚሠራ ቁልፍ በእጅዎ እያለ ሁለተኛ ያስቀርጹ፣ ፕሮግራምም ያስደርጉ፤ አንድ የተመዘገበ ቁልፍ ካለ በብዙ መኪና ሌላ መጨመር ቀላል ነው፤ ሁሉም ከጠፋ ግን የመኪናውን ኮምፒውተር አስወልቆ ማኅደሩን ማስነበብ ወይም ማስለወጥ ሊመጣ ይችላል። ቁልፍ ጠፍቶ ተተኪ ሲያሠሩ የጠፋው ከመኪናው መዝገብ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ አዲሱ ተጨመረ ማለት አሮጌው መሥራቱን አቆመ ማለት አይደለምና። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበበት በመሣሪያ ያስዩ፤ በእጅዎ ካለው ከበለጠ ሁሉንም አስሰርዘው የራስዎን ብቻ ያስመዝግቡ። ሊብሬና መታወቂያ ሳይጠይቅ ቁልፍ ፕሮግራም የሚያደርግልዎ ሰው ለሌላውም ሳይጠይቅ ያደርጋልና፣ እንዲህ ካለው ሰው ጋር አይሥሩ።