የካርቱም የጊታር ባንዶች

ሱዳናውያኑን ዘፋኞች መሐመድ ዋርዲንና ሰይድ ኸሊፋን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የዚያው አገር የጊታር ባንዶች ግን እስካሁን ጆሯችን አልደረሱም፤ ሊደርሱ ይገባል።

ካርቱም እነሱን «ጃዝ» ብላ ትጠራቸዋለች። ሙዚቃቸው ግን ይበልጡን የሚቀርበው ለሮክና ለትዊስት ነው። ከእነሱ በፊት የከተማ ዘፋኝ የሚታጀበው በዑድ፣ በቫዮሊንና በአኮርዲዮን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን የያዙ ወጣቶች ብቅ አሉ። ፋና ወጊው በ1935 ኦምዱርማን የተወለዱት ሸርሐቢል አሕመድ ናቸው። የሱዳን ጃዝ ንጉሥ ይባላሉ፤ ሠዓሊም ናቸው፣ ለልጆች መጽሔት ሥዕል ሲሠሩ ኖረዋል። ባለቤታቸው ዘኪያ አቡ ቃሲም በእሳቸው ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ጊታር ይዛ መድረክ ላይ መቆሟ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የባንዶቹ ዋና መድረክ ሰርግ ነበር። በሱዳን ሰርግ እንግዳው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያመሽም፤ ወደ ዘፋኙ ይጠጋል፣ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ ጣቱን እያንቋቋ ደስታውን ይገልጻል። ባንዱም ሰው እስኪጠግብ ዘፈኑን ያስረዝማል። ያንን ግለት ለመስማት «ስኮርፒዮንስ» የተባለው ባንድ ከሰይፍ አቡ በክር ጋር በ1980 ኩዌት ያሳተመው «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ» የተሰኘ ሸክላ አለ። ለእኔ የዘመኑ ቁንጮ እሱ ነው። ሳክስፎኑ ዜማውን ይመራል፣ ጊታሩ አጠር አጠር እያለ ይመልስለታል። ቅኝቱ እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ዐረብኛ የማይሰማ ሰው እንኳ ዜማውን ቶሎ ይለምደዋል።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጀ፤ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ አሳጠረው። ሙዚቀኛው ተሰደደ ወይም ዝም አለ። ዘፋኙ ከማል ኬይላ ግን በ1992 የደቡቡ ጦርነት እየነደደ ሳለ ስለ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድነት በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ዘፈኖች ቀረጹ። ቅጂውን ዓመታት ሙሉ አስቀመጡት፤ በ2018 «ሐቢቢ ፋንክ» የተባለው የበርሊን አሳታሚ ለዓለም አደረሰው። የስኮርፒዮንስንም ሸክላ በዚያው ዓመት ዳግም አሳተመ፤ የሸርሐቢል ስብስብ በ2020 ተከተለ። በሚያዝያ 2023 የጀመረው ሌላ ጦርነት ደግሞ የካርቱምን ነዋሪ በትኗል። አዲስ አበባ ከተጠለሉት ሱዳናውያን መካከል እነዚህን ዘፈኖች በሰርጉ የጨፈረባቸው ሰው አይጠፋም፤ ስለ ባንዶቹ እሱን መጠየቅ ነው።